ጸጥታ የለመንኩበት ቀን

ከሚሴ ላይ ጸጥታ መፈለግ በረሃ ውስጥ ገብቶ ጥላ እንደመፈለግ ነው። የአዲስ አበባና የደሴ መኪና ከአስፋልቱ አይጠፋም፤ ባጃጅ ያለ ጥሩንባ መታጠፍ አያውቅም። በእኛ ሰፈር ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የአያ ከማል ወፍጮና የብየዳ ቤቱ ይጨመራል። እኔ ግን አንድ ሐሙስ ቀን ይህን ሁሉ ዝም አሰኝቼ አውቃለሁ። ዝም ያሰኘሁት በልመና ነው። ያን ልመናዬን እስከ ዛሬ ስረግመው እኖራለሁ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። በከተማችን ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይባል እንጂ ሥራዬ በአብዛኛው የተጨናነቀ ወረቀት ከማተሚያ ውስጥ ማውጣትና የምስጢር ቁልፋቸውን የረሱ ኃላፊዎችን ማጽናናት ነው። የምኖረው ከአባቴ እህት ጋር ነበር። እኛ የአባት እህት አዳዳ እንላለን። እናቴ ስትሞት ገና ሦስት ዓመቴ ስለነበር፣ አዳዳ መይሙና ከልጇ ከጀማል ጋር ከአንድ ሳህን አብልታ አሳደገችኝ።

አዳዳ ሁለት ሥራ ነበራት። አንደኛው ፍየል ንግድ ነው፤ ከጨፋ ሮቢት ገዝታ ሰንበቴ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ሁለተኛው ደመወዝ የለውም። በሰፈራችን ሴት ስትሞት ሬሳዋን የምታጥበው እሷ ነበረች። እኛ ቅሬ የምንለው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር ነው ይህን አደራ የሰጣት። ሰው ሞተ ሲባል የጀመረችውን ሥራ ጥላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ትወጣለች። ስትመለስ እኔ ለጥቂት ጊዜ አልጠጋትም ነበር። እሷም ታውቅብኛለች፤ «ፈሪዋ ልጄ» እያለች ትስቅብኛለች።

አንድ ጊዜ ስድስት ፍየል ይዛ ሰንበቴ ወረደች። በዚያ ሳምንት የአፋር ገዢዎች ሳይመጡ ቀሩ። ስድስቱንም ይዛ ስትመለስ እግሯ አባብጦ ነበር። ጫማዋን እያወለቀች፣ «ያን ሁሉ ስልክ ስትነካኪ ትውያለሽ፤ ገበያው ዛሬ ባዶ ነው ብሎ የሚነግረኝ ስልክ ግን የለም» አለችኝ። ለቀልድ ያለችው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሁለት ዓመት ለፍቼ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ደውሎ የዕለቱን የከብት ገበያ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በአፋርኛ የሚሰማበት ነገር ሠራሁ። ይህን ይዤ ነው በኢንተርኔት የሚካሄድ አንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ የተመዘገብኩት። ከብዙ አገር ሰው ከያለበት ሆኖ የሚሳተፍበት ነው። ተቀበሉኝና ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ሰጡኝ።

የአዳዳ ልብ ከታመመ ያኔ ወራት ሆኖት ነበር። ሐኪም እረፍት አዘዘላት፤ እሷ ግን እረፍት ማለት ቆሞ መሥራትን ትቶ ተቀምጦ መሥራት ይመስላታል። እኔ በእንግሊዝኛ ንግግሬን ስለማመድ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ትሰማኛለች። አንዲት ቃል አይገባትም። ስጨርስ ግን፣ «ማሻአላህ! እዚያ መሃል ላይ ትንሽ ፈጠንሽ» ትለኛለች። ደግሞ ልክ ነበረች።

ጉባኤው አንድ ሳምንት ሲቀረው ከአልጋዋ ሆና ጠራችኝ።

«ሰዓዳ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

«አዳዳ፣ ልምምድ ላይ እኮ ነኝ።»

«ልምምዱ እግር የለው፣ የት ይሄድብሻል? ያንን ሳጥን ክፈቺ።»

ከፈትኩት። ከላይ የተጣጠፈ ነጭ አቡጀዲ፣ ያልተፈታ ሳሙና፣ በወረቀት የተጠቀለለ ካፉር አለ። የምትገነዝበት ከፈኗና የሬሳ ሽቶዋ ነበር። ክዳኑን መልሼ ልዘጋ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ስንቱን አጥቤያለሁ። ለእኔ ግን የማንም እጅ አይሆነኝም። ስሞት አንቺ እጠቢኝ።»

«እኔ? እኔ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ቆሜ የማላይ!»

«ለዚያ ነው ቀድሜ የምነግርሽ። ምንም አያስፈራም። ውሃውን ለብ አድርጊው፤ ሬሳ ይበርደዋል ብለሽ አስቢ። ከቀኝ ጀምሪ። ሌላውን አብራኝ የምታጥበው እትዬ ዘይነባ ታሳይሻለች። እኔ አንቺን ስንት ዓመት አጠብኩሽ? አንቺ አንድ ቀን ብታጥቢኝ ምን አለበት?»

«እሺ፣ አዳዳ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ማልኩ። ከዚያ ተነስቼ ወደ ልምምዴ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልምጣ። የእኛ ቤት ኔትወርክ ስለማያስተማምን ሁለት ቤት አልፎ ያለው ነጋዴ ጎረቤታችን የፎቁን አንድ ክፍል ለዚያ ቀን አዋሰኝ። እዚያ ላይ መስመሩ ቀጥ ይላል። ላፕቶፑን ከመሥሪያ ቤት ተዋስኩ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ጀማል የባጃጁን ባትሪ ይዞ መጥቶ ቻርጅ የማደርግበትን ሽቦ ሠራልኝ። ብርሃን ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ከመስኮቱ ማዶ ወደ መቃብሩ የሚወስደው አቧራማ መንገድ ይታያል። የቀረኝ ጫጫታው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሰፈሩን መዞር ጀመርኩ። አያ ከማል በማግስቱ ወፍጮውን ከስድስት ሰዓት በኋላ ላያስነሳ ቃል ገባ። «ሰፈሩ ጥሬ ይቆርጥም እንግዲህ! ፈረንጆቹ ከጠየቁሽ ወፍጮው የእኔ ነው በያቸው» አለኝ። የብየዳ ቤቱ ልጆች እሺ አሉ። የባጃጆቹን ጉዳይ ጀማል ያዘልኝ። አዛኑን ማንም አይነካም፤ እሱ እስኪያልቅ ድምፄን እዘጋለሁ። የቀረው አንድ ነገር ነበር። ሰው ሲሞት ቅሬያችን በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይለፍፋል። ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነና የቀብሩን ሰዓት እየደጋገመ ይናገራል። ወዲያው ለቅሶው ይቀልጣል፤ ሰፈሩ ባንድ እግሩ ይቆማል። ይህ ነገር አሥር ደቂቃዬ መሃል ቢገባስ ብዬ ሰጋሁ። ስጋቴን ይዤ የቅሬያችን ዳኛ ወደሆኑት ወደ ሼህ ሙሄ ሄድኩ።

«አከም ቡልተኒ፣ አባባ» ብዬ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አልኳቸው።

«ነጋ፣ ነጋ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ደህና፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «መይሙና እንዴት አደረች?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ናት። አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ መጥቼ ነበር።» ነገርኳቸው።

ጺማቸውን እየዳበሱ እስኪበቃቸው ሳቁ። «ሞትን ቀጠሮ ያስለውጡልኝ ነው የምትይኝ?»

«ሞትንማ ማን ይችለዋል። ልፈፋውን ብቻ ነው። ነገ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ።»

«በመሃል አላህ አንድ ሰው ቢወስድስ?»

«እስክጨርስ ብቻ ዝም ይበሉልኝ፣ አባባ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው።»

«ማንም ይሁን?»

ያን ጊዜ አእምሮዬ ሽቦና ባትሪ ላይ ነበር። «ማንም ይሁን» አልኩ። የራሴን አፍ በራሴ ጆሮ ሳልሰማው አለፈ።

«ከዚህ ሰፈር ልጅ ዓለም ፊት የሚቆም ስንት አለን? አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ቃሌ ነው» ብለው መርቀው ሸኙኝ።

ሐሙስ ጠዋት ስወጣ አዳዳ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። የመሥሪያ ቤት ሻርፔን አይታ፣ «ይኼ ያጠቁርሻል፣ የእኔን ውሰጂ» ብላ አረንጓዴውን የራሷን ሻሽ አውልቃ አሰረችልኝ። ልብሱ እሷን እሷን ይሸት ነበር። «ስመለስ ብርቱካን አመጣልሻለሁ» አልኳት። «መጀመሪያ አንቺ ተመለሺ» አለች።

አራት ሰዓት ላይ ፎቁ ላይ ወጥቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ስልኬን የማይታወቅ ጥሪ እንዳይረብሸኝ ብዬ ዘጋሁት። መስመሩን ሞከርኩ፤ ካሜራውን አስተካከልኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወፍጮው ጸጥ አለ፤ ብየዳውም ተከተለ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እንደዚያ ቀን የሰፈሬ ሰው የወደደኝ አልመሰለኝም።

ሰባት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ጀማል።» ድምፁ ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ስንት ሰዓት ትጨርሻለሽ?»

«ዘጠኝ ላይ ነው የምገባው። ከሩብ ሰዓት በኋላ እጨርሳለሁ። ጀማል፣ በአላህ አታንኳኳ፣ ልቤ ሊወጣ ነው።»

ትንሽ ቆመ። በበሩ ስር የጫማው ጥላ ይታየኝ ነበር። «እሺ» አለና ወረደ። ብከፍተው ፊቱን አይ ነበር። አልከፈትኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከእኔ በፊት የገባው ተናጋሪ ሰዓቱን በላ፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ የአስተናጋጇ መስመር ተቋረጠ። ይቅርታ፣ ትንሽ ታገሡ የሚል ጽሑፍ መጣ። ታገሥኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ ይህን ጊዜ በቀስታ፣ በጣት ጫፍ ነበር።

«አልደረሰኝም!» ብዬ ጮህኩ። «ሂድልኝ፣ ጀማል! አንድ ቀን እንኳ ለራሴ አልተውም?»

እግሩ ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርድ ሰማሁት።

የአስር አዛን ተብሎ ሶላቱ ተሰገደ። ከአሥር ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ስሜ ተጠራ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ስለ ሰንበቴ ገበያ፣ ስለ ስድስቱ ፍየሎች፣ ስላበጠው እግር ነገርኳቸው። «ይህን ሐሳብ የሰጠችኝ አክስቴ አሁን ቤት ሆና እየጠበቀችኝ ነው» አልኩ። ከላፕቶፑ በላይ በመስኮቱ የመንገዱ ጫፍ ይታየኛል። እዚያ ላይ ወንዶች ሲያልፉ አየሁ። ጀርባቸውንና ቆባቸውን ነው ያየሁት። ብዙ አልነበሩም። ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ያልፋሉ። ድምፃቸውን አፍነው የሚሄዱት ለእኔ ብለው መሰለኝና ልቤ ሞቀ። ወደ ካሜራው ፈገግ ብዬ እንዲህ አልኩ፦ «ይገርማችኋል፣ ዛሬ እኔ እንድናገር ብሎ ሰፈሬ በሙሉ ዝም ብሏል።»

እዚያ ማዶ ያሉት አጨበጨቡልኝ።

ስጨርስ እየበረርኩ ወረድኩ። ሱቅ ገብቼ ብርቱካን አስመዘንኩ። ባለሱቁ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ብሩን ስሰጠው «ይቆይ፣ ልጄ፣ ሂጂ» አለኝ። ደግነቱ ነው ብዬ አመስግኜው ወጣሁ። በራችን ጋ ስደርስ ጫማ በጫማ ላይ ተደርድሮ አየሁ። ሼህ ሙሄ በር ላይ ቆመው ነበር፤ እጃቸው ላይ የደረቀ አፈር አለ። ያን አፈር ሳይ ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ።

«ነይ፣ ኢንተለ ኮ። መጀመሪያ ተቀመጪ።»

በእኛ ዘንድ መርዶ በበር ቀዳዳ አይነገርም፤ ለብቻዋ ላለች ሴትም አይነገርም። ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ከጎን ሰው አድርጎ ነው የሚያረዳው። ጀማል ሁለቴ መጥቶ ሁለቴም ያልነገረኝ ለዚህ ነበር። እናቱ ሞታበት፣ «ስንት ሰዓት ትጨርሻለሽ» ብሎ ብቻ የተመለሰው ለዚህ ነበር።

ያረፈችው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ወፍጮው ዝም ሲል እትዬ ዘይነባ አጠገቧ ነበረች። አዳዳ ጆሮዋን ወደ ውጭ አቅንታ፣ «ጀልቀብዴ?» አለች አሉ። ጀመረች ወይ? ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

«ሼህ ሙሄ ማልቀስ ከልክለውን ነበር» አለችኝ እትዬ ዘይነባ። «አንቺ ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ትወጫለሽ ብሎ ጀማል ሲነግረን ውሃውን ለብ አድርገን ጠበቅንሽ። ሲበርድ ደግመን አሞቅነው። ሁለት ጊዜ አሞቅነው፣ ልጄ። ልጁ እያለቀሰ ሲመለስ ጊዜ ግን ጀናዛ ከዚህ በላይ አይቆይም አልን። አውፍ በይን።»

አውፍ በይን! ይቅርታ የሚለምኑት እኔን ነው።

ሼህ ሙሄ መሬት መሬት እያዩ፣ «ቃል ሰጥቼሽ ስለነበር አላስለፈፍኩም። መቼም ስህተት ከሆነ የእኔ ነው» አሉ። የእሳቸው አልነበረም። ማንም ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። የከሚሴን ሴት ግማሽ በእጇ አጥባ የሸኘች ሴት፣ በቀብር ሶላቷ ላይ አንድ መስመር ተኩል ሰው ብቻ ሰገደባት። ጨፋ ሮቢት ያሉ ዘመዶቿ እንኳ አልሰሙም። ከመስኮቴ ያየኋቸው እነዚያ ጥቂት ጀርባዎች የእሷ ሸኚዎች ነበሩ። ሌላ ጊዜ ላ ኢላሀ ኢለላህ እያለ የሚያልፈው ሰው፣ የዚያን ቀን በልቡ ብቻ እያለ አለፈ።

ወደ ክፍሏ ገባሁ። ሳጥኑ ክፍት ነበር፤ አቡጀዲውም ካፉሩም የለም። ሳሙናው ግማሹ ቀርቶ በሳህን ላይ ተቀምጧል፣ ገና አልደረቀም። አንስቼ በሁለት እጄ ያዝኩት። ሻሿን ከራሴ ላይ ሳላወርድ እስኪመሽ አለቀስኩ። ያን ጊዜ ነው ሰፈሩም አብሮኝ ጮሆ ያለቀሰው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አፍኖት የቆየውን ሁሉ አወጣው።

በማግስቱ ሰው ከየገጠሩ ጎረፈ። እያንዳንዱ መጀመሪያ ያጽናናኛል፤ ቀጥሎ፣ «ምነው ሳይለፈፍ ቀረ?» ይለኛል። የቅሬው ሰዎች ሊመልሱልኝ ሲሉ እኔ እቀድማቸዋለሁ። «እኔ ነኝ ያስከለከልኩት» እላለሁ። ስንት ሰው ፊት እንዳልኩት አላስታውስም። አንዳንዱ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል። ከቅጣት ሁሉ የከበደኝ አለመቆጣታቸው ነበር።

ከጉባኤው አዘጋጆች መልእክት የመጣልኝ በሰባተኛው ቀን ነው። አመስግነውኛል፤ ሥራውን የሚያግዝ ሰውም እናገናኝሻለን ብለዋል። መጨረሻው ላይ፣ ከንግግርሽ ሁሉ የተመልካቹን ልብ የነካው ስለ ሰፈርሽ ዝምታ የተናገርሽው ነው የሚል ተጽፎ ነበር። የተቀረጸውን ምስልም ልከውልኛል። አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት። አረንጓዴ ሻሽ አስሬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ዓይኔ ወደ መስኮቱ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።

አንባቢዎቼ፣ ሥራችሁን ተዉ አልላችሁም። አዳዳ ራሷ እንዲያ ብትሰማኝ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ትወረውርብኝ ነበር። ስልኩ ዛሬ ይሠራል፤ የሰንበቴ ነጋዴ ይደውልበታል። ነገር ግን የሆነ ነገር ልትሠሩ በር ስትዘጉ ከበሩ ማዶ ማን እንዳለ አንድ ጊዜ ቆጥራችሁ ዝጉ። እኔ ወፍጮ ቆጠርኩ፣ ብየዳ ቆጠርኩ፣ ባጃጅ ቆጠርኩ፤ እሷን ሳልቆጥር ቀረሁ። ጀመረች ወይ ስትል ደስ ብሏት ነበር? ወይስ እኔን ፈልጋ ነበር? እትዬ ዘይነባን ስጠይቃት ሁልጊዜ «ደስ ብሏት ነው» ትለኛለች። ቶሎ ስለምትመልስልኝ አላምናትም።

በዓመቱ የሰፈራችን አንዲት አሮጊት አረፉ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል በመስጊዱ ማጉያ ተለፈፈ። እጅጌዬን ሰብስቤ እትዬ ዘይነባን ተከትዬ ሄድኩ። ውሃውን በክርኔ ሞከርኩት። አልሞቀም ነበር፤ ሬሳ ይበርደዋል ብዬ አሰብኩና እንደገና አሞቅኩት። ከዚያ ከቀኝ ጀመርኩ።